የቆዳ ሸራ የነበራቸው ሰዎች

በፈረንጆቹ 2009 ከአርሊንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ኮሌጅ እማር ነበር። ጠዋት አርሊንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሰዓት ክላስ እገባለሁ። የታሪክ አስተማሪያችን ስለ አንድ ጥንታዊ ሕዝብ ፔፐር ጻፉ ሲለን ቬኔቲዎችን መረጥኩ።

ቬኔቲዎች ዛሬ ፈረንሳይ በምንለው አገር፣ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ የኖሩ፣ ኬልት ከሚባሉት ጥንታዊ ሕዝቦች ወገን ናቸው። መርከባቸው ከወፍራም እንጨት፣ ሸራቸው ከቆዳ ነበር። ሮማውያን መጡባቸውና በረጅም እንጨት ጫፍ ማጭድ አስረው የሸራቸውን ገመድ በጠሱት። ነፋሱም ድንገት ቆመ። መርከቦቹ ባሕር ላይ እንደተገተሩ ተያዙ። ሽማግሌዎቻቸው ተገደሉ፣ የቀረው ሕዝብ ለባርነት ተሸጠ። ይህን ጽፎ ያቆየልን ደግሞ ያው ያጠፋቸው የጦር አዛዥ ነው። ይህ አንገበገበኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ ሦስት ሳምንት ጻፍኩ።

አስተማሪው ፔፐሩን ሲመልስልኝ ውጤት አልሰጠበትም። ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣

«ይህን ማን ጻፈልሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ስለ ራስሽ አገር ብትጽፊ አይቀልሽም ነበር?»

ፊቴ ጋለ። ተናድጄ ፔፐሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው፣ «ተይው ባክሽ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ መውጣት ነው» አለኝ። በእሱም ተናደድኩ።

በማግስቱ ፔፐሩንና ረቂቆቼን በፌስታል ይዤ አስተማሪው ቢሮ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

«የፈለጉትን ይጠይቁኝ» አልኩት።

ወረቀቶቹን አገላበጠ። «ሸራው ለምን ከቆዳ ሆነ?»

«የዚያ ባሕር ነፋስ ብርቱ ነው። ጨርቅ አይችለውም ብለው ይመስላል።»

ሌላም ሌላም ጠየቀኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ ፔፐሩ ላይ ኤ ጻፈና ገፋ አደረገልኝ።

«የጠየቁኝ በሰው ፊት ነው፤ እኔ መጻፌንም በሰው ፊት ይንገሩልኝ» አልኩት።

«አያስፈልግም። ውጤትሽን አግኝተሻል።»

በሚቀጥለው ክላስ እሱ ሳይጀምር ብድግ አልኩ። «ፔፐሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተማሪያችንም አረጋግጠዋል» ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የኤልሳልቫዶር ተማሪ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። አስተማሪው ቀና ሳይል የመጽሐፉን ገጽ ቁጥር ነገረን፤ ትምህርቱ ቀጠለ።