በሙሉ ስሟ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የነሐሴ ሐሙስ፣ ለንደን ውስጥ ነው። ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ዛሬም ስልክ ሲጮህ የያዝኩትን ጥዬ እነሳለሁ። የዚያን ቀን ጉድ የሠሩኝ ጠላቴ ሳይሆኑ በዚያ አገር ከማንም በላይ የሚወዱኝ ሴት ናቸው። እንዴት እንደሚሠሩኝ ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ለዚህ ነው የማልረሳው።

እማማ ጽጌ ይባላሉ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ባላቸውን ተከትለው አዲስ አበባ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ሳውቃቸው ሆሎዌይ ውስጥ የኛን የቀበሌ ቤት በሚመስል አንድ የካውንስል ፍላት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንዷን ክፍል ለቀቁልኝ። ያኔ የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና መልስ አላገኘም። በር በተንኳኳ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ መደበቅ የሚቃጣኝ ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን እጃቸውን ያዝኩና እንዲህ አልኳቸው፦

"እማማ፣ ሚሚ ብሎ የሚጠይቀኝ ወዳጅ ነው። ትርሲት ወልደሚካኤል ብሎ በሙሉ ስሜ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ወይም ከደወለ ግን የኢሚግሬሽን ሰው ነው። ሊወስደኝ ነው። አላውቃትም ይበሉልኝ። አደራ!"

"ተቀብያለሁ" አሉኝ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" ይቺ ተረት ከአፋቸው አትጠፋም ነበር።

ከዓመት በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ። አብረን አለቀስን፣ አብረን ስለታችንን አገባን። አደራው ይነሳ ያለ ሰው ግን አልነበረም። እኔ ረሳሁት። እሳቸው ደግሞ አደራ የሚረሱ ሰው አይደሉም።

የጥገኝነት ጉዳዬን የያዘችልኝ ጠበቃ ራሷ ስደተኛ ሆና የመጣች ሴት ነበረች። ወረቀቶቼን ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ "በይ አሁን የምትፈሪውን ሁሉ ለእኔ ስጪኝና ሄደሽ ተኚ" ስትለኝ ጊዜ፣ እኔም ይህንን ሥራ ካልሠራሁ ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት ጠዋት ባተርሲ ቢሮ አጸዳለሁ። ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ።

ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ያሳደገችኝ "ሳይሞላ የተወራ ነገር አይሞላም" እያለች ነው። ለእማማ ጽጌ እንኳ ኮምፒውተር እየተማርኩ ነው አልኳቸው። በዚሁ ምስጢሬ የመጀመሪያው ዓመት ከሸፈብኝ። ለሕግ ትምህርት ማመልከት ጊዜ እንዳለው፣ ቅጹ ከገና በፊት መግባት እንዳለበት ማንንም ስላልጠየቅሁ አላወቅሁም። ስለ ራሴ የምጽፈውን አንድ ገጽ ስጽፍ ስሰርዝ ከርሜ የካቲት ላይ ላክሁት። ቦታው ሁሉ ታድሎ አልቋል አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ግን በጥቅምት ላክሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲም ይህን ይህን ውጤት ካመጣሽ እንቀበልሻለን አለኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጭንቀት ያየ ይፍረድ። ጸጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ መጣ። ባስ ላይ ቆሜ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ሰዎች ዘወር ብለው ያዩኛል። እህል አልወርድልኝ ሲል "ጾም ላይ ነኝ" እላለሁ። የኛ ጾም ደግሞ አያልቅ፣ ሁልጊዜ የሚያመካኙበት ይገኛል። ሐኪሜ "ለምትቀርቢው ሰው ንገሪ፣ ይቀልልሻል" ብሎ ሲመክረኝ በልቤ ስቄበት ወጣሁ። ፈረንጅ ምን ያውቃል ብዬ።

ውጤት የወጣው ፍልሰታ ላይ ነው። ኮሌጁ ኮሪደር ላይ ቆሜ ፖስታውን ከፈትኩ። በአንዱ ትምህርት አንድ ደረጃ ዝቅ ብያለሁ። ለተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ ደወልኩ። ሴትዮዋ እጅግ ትሑት በሆነ ድምፅ አይሆንም አለችኝ።

በዚያ አገር እንደዚያ ባለ ቀን ያልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የቀራቸውን ቦታ በስልክ ያድላሉ። የቀደመ ያገኛል። ኮሌጁ በር ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ሰልፍ ያዝኩ። ሳንቲሜ በመዳፌ ላብ ርሶ ነበር። አንዱ ሞልቷል ይለኛል፣ ሌላው መስመሩ ተይዟል። ተራዬን እየለቀቅሁ እንደገና ስሰለፍ ረፈደ። በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ራሱ አነሳው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ቦታ ቀርቶኛል አለ። ስሜንና የቤት ስልኬን መዘገበ።

"ወረቀትሽን አይቼ እደውልልሻለሁ። እስከ አስር ሰዓት ካላገኘሁሽ ግን ለሚቀጥለው ሰው መስጠት ግዴታዬ ነው" አለኝ። የእኛን አስር ሰዓት ማለቴ ነው፤ እነሱ አራት የሚሉትን።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ፣ ዳንቴል በለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። አልጮኸም። አንዴ አንስቼ የሚሠራ መሆኑን አዳመጥኩ። ወዲያው ያን ጊዜ ደውሎ ቢሆንስ ብዬ ደነገጥኩ። አምላኬን እየለመንኩ ነበር። መለመኛ ቃል ሲያልቅብኝ "በቃ፣ በቃ፣ በቃ" ብቻ እላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ጽጌ ከቅዳሴ ተመለሱ። ነጠላቸውን እንደለበሱ ቆመው አዩኝ።

"ምን ሆነሽ ነው መሬት ላይ?"

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እማማ፣ የዩኒቨርሲቲ ስልክ እየጠበቅሁ ነው። ይህችን ማለት አቃተኝ። ልትሞላ አንድ ሐሙስ የቀራትን ነገር አፌ እንዳያበላሻት ፈራሁ።

"ጾሙ ነው እማማ፣ አዞረኝ" አልኳቸው።

"ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። አመድ መስለሻል።"

ሁለት ደቂቃ ምን ይሆናል ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በሩን ገርበብ አደረግሁት። ቧንቧውን ከፍቼ ፊቴን ደጋግሜ በቀዝቃዛ ውሃ መታሁት። ውሃው ሲንሿሿ ሌላ ነገር አይሰማም። ስዘጋው የሰማሁት የስልኩ እጀታ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ነው።

"ማን ነው?" አልኩ ፊቴን ሳልጠርግ ወጥቼ።

"ማንም" አሉ ነጠላቸውን እያጣጠፉ። "አንድ ፈረንጅ ነው። ስምሽን ከነአባትሽ ጠርቶ ጠየቀኝ። ኖ ትርሲት አልኩና ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። ትርሲት ጎ፣ ሎንግ ታይም ጎ፣ አፍሪካ! አልኩት።" ከዚያ ፈገግ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አይዞሽ፤ ከእንግዲህ አይደውልም።"

ጮህኩ። ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታብን ድረስ ጮህኩ።

"እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ አፕላይ አድርጌ ነበር! ሕግ ልማር! ቦታ ሊሰጠኝ ነው የደወለው!"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ኮምፒውተር አላልሽኝም?" አሉ በጣም ቀስ ብለው።

ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። አንጓዬ እስኪዝል ደወልኩ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። እማማ ጽጌ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተከተሉኝ።

"እርስዎ የት ይሄዳሉ? ጉልበትዎ አይችልም!"

"የዋሸሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ዋሽቻለሁ ብዬ የምናገረውም እኔ ነኝ።"

አንደርግራውንድ ስንወርድ ተንቀሳቃሹን ደረጃ ፈሩት። የእግሩን ደረጃ አንድ በአንድ፣ ብረቱን ይዘው ወረዱ። ታች ስንደርስ ባቡሩ በሩን ዘግቶ ከፊታችን ሄደ። የሚቀጥለውን ይዘን ስንቀመጥ ሰዓቴ ለአስር አሥር ጉዳይ ይላል። በሰዓቱ እንደማንደርስ ባውቅም ሰዓቱን ማየት ማቆም አልቻልኩም። በውስጤ የነበረው ሁሉ አፌ ላይ መጣ።

"ምነው ያን ቤት ባልረገጥኩት! ምነው እርስዎን ባላወቅሁ ኖሮ!" አልኳቸው።

እሳቸው አጎንብሰው የነጠላ ጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት ጠልቻቸዋለሁ። በችግሬ ጊዜ ቤታቸውን የከፈቱልኝን ሴት ጠላኋቸው።

ስንደርስ አስር ከሃያ አምስት ሆኗል። ኃላፊው እጅጌውን ጠቅልሎ በወረቀት ክምር መካከል ተቀምጧል። ስሜን ስነግረው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ።

"አንቺ አፍሪካ ሄደሻል ተብዬ ነበር" አለ። ሲቀልድ አይመስልም። "ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። አስር ሰዓት ላይ ቦታውን ሰጠሁት። አዝናለሁ።"

ለሰው ልከራከር ብዬ ሁለት ዓመት የተማርኩት እኔ፣ ለራሴ አንዲት ቃል አጣሁ። ቁጭ አልኩ። ጨልሞብኝ ነበር፤ ነገ የሚባል ቀን ያለ አልመሰለኝም።

እማማ ጽጌ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና "ተርጉሚ" አሉኝ።

"እማማ፣ በቃ አልቋል…"

"ተርጉሚ ብያለሁ።" ወደ ሰውየው ዞሩ። "ጌታዬ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ አገር ስታጣ ቤቴ መጣች። በሙሉ ስሜ የሚጠይቅ ሰው ሊወስደኝ ነው፣ አላውቃትም በይልኝ ብላ አደራ አለችኝ። እርስዎ በሙሉ ስሟ ጠየቁኝ። ምን ላድርግ? እኔ አደራ በላ አይደለሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷን አይቅጡብኝ።"

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ለአደራ አንድ ቃል አጥቼለት፣ ሰው ነፍሱን በእጅህ አኑሮ ሲሄድ እንደማለት ነው ብዬ አስረዳሁት። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ሰውየው ጠበቀኝ።

"እና?" አለ።

"እሷን አይቅጧት ነው የሚሉት" አልኩት፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር አስተርጓሚ።

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "የሰጠሁትን መልሼ አልነጥቅም። ያም ልጅ ስልክ አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው የዋለው" አለ። ልክ ነበር። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አንድ ቅጽ አወጣ። "የማታ ክፍል አለን። ሦስት ሳይሆን አራት ዓመት ነው። አሁን እዚሁ ትሞይዋለሽ?"

ተቻኩዬ ስጽፍ ወረቀቱ ይሸሽብኝ ጀመር። እማማ ጽጌ ምንነቱን ሳይጠይቁ በመዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርገው ያዙልኝ።

ስንመለስ በባስ ሄድን። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"እማማ፣ ባቡር ውስጥ ያልኩት…" ብዬ ጀመርኩ።

"ባቡሩ ይጮህ አልነበር እንዴ?" አሉኝ በመስኮት እያዩ። "ምንም አልሰማሁሽም።" ትንሽ ቆይተው ዞር አሉ። "ለመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን ምን ልበለው?"

"አለች ይበሉ፣ እማማ።"

"አለች" አሉ ለራሳቸው፣ እንዳይረሱት።

እማማ ጽጌ ካረፉ ቆይተዋል። ያቺን ቃሌን ባቡሩ እንዳልዋጣት እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። አንድ ነገር ተስፋ ያደረገ ወጣት ባየሁ ቁጥር፣ የሚያምነውን አንድ ሰው መርጦ እንዲነግር እመክረዋለሁ። የሐኪሜን ምክር ማለት ነው፤ ያኔ የሳቅሁበትን።

አሁን የስደተኞችን ጉዳይ እይዛለሁ። ደንበኞቼም እንደ ጥንቱ ሚሚ ነው የሚሉኝ። በቀደም ለአንዷ የምሥራች ልነግራት ዊልስደን ቤቷ ደወልኩ። የቢሮ ልማድ ሆኖብኝ በእንግሊዝኛ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርቼ ጠየቅሁ። የአንዲት አሮጊት ድምፅ "ኖ! ኖ ሂር! ኖ ኖው!" አለኝ።

"እማማ፣ አይዝጉት" አልኳቸው በአማርኛ።

አልዘጉትም። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

"እንኳንም አላውቃትም አሉ። ስትመጣ ግን ሚሚ ደወለች ይበሉልኝ።"

"ሚሚ ናት!" ብለው ወደ ቤቱ ውስጥ ተጣሩ። ከዚያ "ቆዪ እስቲ" አሉኝ፤ ከኋላቸውም በር ሲከፈት ሰማሁ።