ያረደው እጅ

አባቴ አዳኝ ነበር ስል ሰው ይስቃል። አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያወልቅና ሲለጥፍ የሚውል የጉለሌ ሰው ምን ያድናል፤ ድመት? እኔም ተማሪ ሳለሁ ለጓደኞቼ አልናገርም ነበር። ግን እውነት ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ አደን ሲከፈት፣ ፈቃዱን አውጥቶ በአርሲ በኩል ወዳለ የመንግሥት ደን ይሄዳል። ፈቃዱ ለአንድ ወንድ ድኩላ ነው። ካገኘ አገኘ፤ ካላገኘም ተመልሶ ጎማውን ይለጥፋል።

ግራ ጉልበቱ ታሞ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው መኪናውን የምነዳለት እኔ ሆንኩ። ወንድ ልጅ አልወለደም። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ አብሮት ያድናል፤ ግን እሱ መሪ ከያዘ እንኳን ድኩላው እኛም አንተርፍም። ስለዚህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ለምን ሲሉኝ "የቤተሰብ ጉዳይ" እላለሁ። ውሸትም አይደለም።

ደኑ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ማለት የሁሉም ማለት ነው። የሁሉም የሆነ ነገር እንዴት እንደሚያጣላ ደግሞ አንድ ቧንቧ ባለው የጋራ ግቢ ላደገ ሰው አይነገረውም። እዚያ ግን ሰው ሲጣላ አላየሁም። አዳኞቹ የትም ያልተጻፈ ደንብ አላቸው። ሌላ ሰው ቀድሞ የያዘው ሸንተረር ላይ አይወጣም፤ ወደ ጎረቤት አቅጣጫም አይተኮስም። ያቆሰልከው እንስሳ ወደ ሌላው ወገን ከተሻገረ ጠመንጃህን ዛፍ ላይ አስደግፈህ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ። ትልቁ ደንብ ግን የደም ነው። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ባለቤት ነው፤ ማንም ይጨርሰው ማን፣ ቀንዱም ሥጋውም የእሱ ነው።

ከእኛ ማዶ ያለውን ሸንተረር የሚይዙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፣ በደኑ ጥግ ባለች ከተማ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከአባቴ ጋር የተዋወቁት እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። በአንድ የመክፈቻ ቀን ሁለቱም ሳይተያዩ አንድ ሸንተረር ሥር ይደርሳሉ። አባቴ "እርስዎ ይቅደሙ" ይላል፤ እሳቸው "ኧረ በአላህ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት" ይላሉ። እንደ ሠርግ ቤት በር እርስ በርሳቸው ሲገባበዙ ፀሐይ ወጣች፣ ድኩላ የተባለ ሁሉ ጫካው ውስጥ ገባ። በሳቅ ወድቀው ሸንተረሮቹን ተካፈሉ። ከዚያ በኋላ "አንተ" ተባባሉ፤ አባቴ በዚህ ዓለም "ወንድሜ" የሚለው እሳቸውን ብቻ ነበር።

በመክፈቻው ዋዜማ ሁልጊዜ አንድ እሳት ዙሪያ እንቀመጣለን። ቆሎና ዳቦ፣ ድንች ጠብሰን አብረን እንበላለን። ሥጋ ግን አብረን አንበላም፤ እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ ይህ የታወቀ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። አንድ ዓመት አባቴ ያቆሰለው ድኩላ እሳቸው ወገን ሄዶ ወደቀ። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው አባቴን በጩኸት እየተጣሩ ጠበቁት። እንስሳው ሳይታረድ ሞተ፣ ለጅብ ተጣለ። ሁለቱም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንገታቸውን ደፍተው አመሹ። ይሉኝታ ድኩላውንም ገደለው፣ ሥጋውንም ገደለው።

አሁን የምናገረው ስለ ሌላው ድኩላ ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ጾምም አልነበረም። ጎህ እንደቀደደ አባቴ ተኮሰ። ጥሩ አልመታውም፤ እንስሳው የሸለቆውን ቁጥቋጦ በደረቱ እየቀደደ ወርዶ ከወንዙ አጠገብ ወደቀ። አጎቴ ከላይ በኩል ርቆ ነበር። አባቴ አንድ ሁለት ጊዜ ሊራመድ ሞከረ፣ ጉልበቱ ከዳው። ቢላዋውን ከነሰገባው ሰጠኝና "ሩጪ! ያዢው፣ እኔ እደርሳለሁ" አለኝ።

ሮጥኩ። ደረስኩ። ድኩላው በሕይወት ነበር። ዓይኑ ትልቅ፣ ጥቁር፣ እርጥብ ነው፤ ያየኛል። ቢላዋውን ይዤ ቆምኩ።

እዚህ ላይ ልናደድ። በእኛ ቤት ሴት አታርድም። እናቴ በዓል ሲሆን ዶሮዋን አንጠልጥላ፣ ቢላዋ ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ትለምናለች፤ "ክርስቲያን ነህ ልጄ? እስቲ ይቺን ባርክልኝ።" ሰውየው ሰካራም ይሁን ሌባ አትጠይቅም። እኔ ከአዲስ አበባ አርሲ ድረስ መኪና ነድቼ፣ ገደል ወርጄ፣ ስለታም ቢላዋ ይዤ፣ በሥቃይ ላይ ያለ እንስሳ ፊት እጄን አጣጥፌ ወንድ እጠብቃለሁ። ባርደው ደግሞ ማንም አይበላውም። ይህን አስቤ ስንተከተክ ከወንዙ ማዶ ሽማግሌው መጡ። ጠመንጃቸውን ወዲያ ዛፍ ላይ አስደግፈው ነበር።

"አባትሽ የት ነው?"

"ከላይ፣ እየወረደ ነው ጋሼ።"

ወደ ገደሉ ቀና ብለው አዩ። አባቴ በቂጡ እየተንሸራተተ ነበር፤ ገና ሩቅ ነው። ጎንበስ ብለው የእንስሳውን አንገት ዳሰሱ።

"አይደርስም። ነፍሱ እየወጣች ነው" አሉኝ። "የእናንተ ነው፤ ደሙን አባትሽ ነው ያፈሰሰው። ልረደው ወይስ ልተወው? አንቺ ያልሽው ይሆናል።"

በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። "ይረዱት" አልኳቸው። ቢላዋውን በእጀታው በኩል ሰጠኋቸው። ራሱን ወደ ቂብላ አዞሩና ስመ አላህ ጠርተው አረዱት። እንስሳው ዐረፈ። እስከ ዛሬ አልጸጸትም፤ ቢደገምም እንዲሁ ነው የምለው።

ቀድሞ የደረሰው አጎቴ ነው። ደሙን አየ፣ እኔን አየ፣ በሽማግሌው እጅ ላይ ያለውን ቢላዋ አየ።

"ማን አረደው?"

ሽማግሌው "እኔ" አሉት።

"እንግዲያው ለእኛ ጥንብ ነው!" አለ፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ። "ለጅብ ይጣልልኝ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሽማግሌው ቢላዋውን ሣር ላይ እየጠረጉ ነበር፤ እጃቸው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፣ እንደገና መጥረግ ቀጠሉ። በሃይማኖታችን አንበላውም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ይህንን እሳቸውም ያውቁታል፣ እሳቸውም እንዲሁ ናቸው። ጥንብ ማለት ግን ሌላ ነው። አጎቴን በጥፊ ማለት አምሮኝ ነበር።

አባቴ ሱሪው ተቀዶ፣ ላብ አጥምቆት ደረሰ። ቃሉን ከላይ ሆኖ ሰምቶታል። ሽማግሌው ቀድመው "ወንድሜ፣ ልጅቷን እንዳትቆጣ፤ እኔ ነኝ" አሉት። "ሥጋውን የእኔ ቤተሰብ ይውሰደው፣ ቀንዱ የአንተ ነው። እሱም ያለው እውነቱን ነው፤ ምንም አላስቀየመኝም።"

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና "እሳት አንድዱልኝ" አለ።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነኝ። እንስሳውን ከፈተ። ጉበቱን አወጣ። በእንጨት ሰክቶ እሳቱ ላይ ያዘው። ሽማግሌው "ተው" አሉት። "በልጆችህ፣ ተው። አንተ እምነት ያለህ ሰው ነህ።" አጎቴ "አብደሃል እንዴ!" እያለ ጭንቅላቱን ያዘ።

አባቴ አማተበ። "ደሙን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ብለህ ነው ያረድከው። እኔ ጥንብ የሚያበላ ወንድም የለኝም" አለና በላ።

እኔም እጄን ዘረጋሁ። እጄን መታኝ። "አንቺ አትነኪም። እናትሽ ቤት ነው የምትገቢው" አለኝ። እሱም የሚገባው እናቴ ቤት ነበር። ያን ጊዜ ዋጋውን አውቆ እንደበላ ገባኝና አለቀስኩ።

ጉለሌ ስንደርስ መኪናውን ሳላቆም አጎቴ ወርዶ ወደ ቤት ገባ። እኔና አባቴ ዕቃ አውርደን ስንገባ እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። እናቴ አትጮህም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለእሱ ለብቻው ሳህን አቀረበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑ ለብቻው ይታጠባል።

እናትና አባቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። በእርጅናቸው ደስታቸው ይህ ነበር፤ ነጭ ለብሰው፣ ተደጋግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አብረው ይቆርባሉ። የንስሐ አባታችን የዋህ ሰው ናቸው። አባቴ ሄዶ ሳይደብቅ ነገራቸው። ስግደት ሰጡት፣ ጸሎት ሰጡት፤ በዚያ ጉልበቱ በየማለዳው ሲሰግድ አጥንቱ ሲንቋቋ ከመኝታዬ ሆኜ እሰማ ነበር። ቀኖናውን ጨርሶ ሲመለስ "ተጸጽተሃል ወይ?" ብለው ጠየቁት። "ስግደቱን ጨርሻለሁ አባ፤ ተጸጽቻለሁ ማለት ግን አልችልም" አላቸው። እንግዲያው መቁረብ አትችልም አሉት። ምን ያድርጉ፣ ደንቡ ነው።

እናቴ ብቻዋን መቁረብ ጀመረች። ሰው ሁሉ "ባለቤትሽ ታመመ እንዴ?" ይላታል። በጉለሌ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ መልሱን ሳይጠይቅሽ በፊት ሰምቶታል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጠችና ለመነችው።

"አንድ ቃል እኮ ነው። ተጸጽቻለሁ በል፣ በቃ።"

"እንዲያ ካልኩ ጥንብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"ማን ይሰማሃል? እዚያ ያለው ሰውዬ ይሰማሃል?"

"እግዜር ይሰማል" አላት።

ለማን እንደማዝን አላውቅም ነበር። ጠዋት ለእሱ፣ ማታ ለእሷ አዝናለሁ። ለአጎቴ ብቻ አላዘንኩም።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ሲገባ ሽማግሌው ደወሉ። ግን ለአባቴ አይደለም፣ ለእኔ ነው። አጎቴ ስልካቸውን ፈልጎ ደውሎላቸው ኖሯል። በጨዋ ደንብ ነው ያናገራቸው፣ ይቅርታም ጠይቋል፤ ከዚያ "በእርስዎ ምክንያት ሰውየው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀርቷል፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አንድ ነገር ያድርጉ" ብሏቸዋል።

"ልጄ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ደክሟል። "ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም? ለአባትሽ እንዲህ በይልኝ። እኔ እንደ አንተ የሚያከብረኝ ሰው አላየሁም፤ እንግዲህ ይበቃል። ተጸጸትኩ በል። አልቀየምም፣ እኔ ነኝ ያልኩህ በይው። ከሚስቱ ጋር ይቁረብ።"

"ለእሱ ራስዎ አይነግሩትም?"

"ድምፁን ከሰማሁ አልችልም። ዘንድሮ እኔም አልወጣም፤ ሸንተረሩን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። የእናንተ ቤት በእኔ ሰበብ መታመስ የለበትም።"

መልእክቱን ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት። ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። "ሸንተረሩን ሰጠ?" አለ። "ሰጠ" አልኩት። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደ።

እሑድ አብረው ቆረቡ። እናቴ ከደስታዋ የተነሣ መንገድ ላይ የምታገኘውን ሰው ሁሉ ትስም ነበር፤ እኔም ስላየኋት ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቤት ገብተን እሷ ወደ ጓዳ አለፈች። አባቴ እንደ ቆራቢ ወግ አፉን በነጠላው እንደሸፈነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩለት። ነጠላውን ትንሽ ገለጥ አደረገ።

"እሱ ለመነኝ ብዬ እግዜርን ዋሸሁት" አለኝ። "አሁን ሁለቱንም በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?"

ነጠላውን መልሼ አፉ ላይ ሸፈንኩለት።

"ምን አለ?" አለች እናቴ ከጓዳ፣ ድምፅዋ ገና በደስታ እንደተሞላ።

"ምንም። ውኃ ፈልጎ ነው" አልኳት።