በማኅበሩ ፊት የሳቅሁ ዕለት

የበደለችኝ የእናቴ እህት ሙሉነሽ ናት፤ እናቴ በሞተች ዓመት፣ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ። ይህን የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ጎረቤቴ የተናገረችው ነው። ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ልጇን እያሳየች፣ «ቁስሉስ ድኗል፤ ጠባዩ ግን ምነው ወደ ሕፃንነት ተመለሰ?» አለችኝ። ልጁን ዳብሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። የራሴን ለሰው አላወራም።

እኔ የወደቅሁት በጥቅምት፣ ከቡሬ ገበያ ስንመለስ፣ በርበሬ ከጫነ መኪና ላይ ነው። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቁስሉ ደረቀ፤ ልቤ ግን እዚያው ዕድሜ ላይ ቆመ። እኩዮቼ ሲዳሩ እኔ መቀመጫዬን ወሰዱብኝ ብዬ አለቅስ ነበር። ከሁሉ የከፋው ሳቄ ነው፤ ስፈራ ይመጣል፣ ከመጣ አይመለስም።

እናቴ ስትሞት ሃያ ሊሞላኝ ነበር። በማርያም ማኅበር የነበራት ቦታ ለእኔ ይገባ ነበር። ያደግሁባት ማንኩሳ ላይ ማኅበር የሌላት ሴት ቢከፋትም ቢደላትም ጠያቂ የላትም። ማኅበርተኞቹና ቄሱ በተሰበሰቡበት፣ ትኩሱ ዳቦ ሳይቆረስ፣ ሙሉነሽ ተነሣች።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የዚች ልጅ ጭንቅላት እኮ ቡሬ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጽዋው ሰው ነው የሚፈልገው!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ፣ ከሁሉም በላይ።

«ይኸው! ምን አልሁ?» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ እወጣ ነበር። ያን ዕለት እየሳቅሁ ቆምሁ።

«አባ፣ ሳቁ ከቁስሌ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። ተራዬን እደግሳለሁ። ሳቄን ይተዉና ቃሌን ይስሙኝ።»

ቄሱ ወደ አክስቴ ዞረው፣ «ሙሉነሽ፣ አንቺስ ባለፈው ተራሽ ጠላው ቀጥኖ ስንስቅብሽ መች አስወጣንሽ?» አሏት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጽዋውን በእጃቸው አስያዙኝ።

ለኅዳር ጽዮን ደገስሁ። ጸሎቱ መሃል ሳቄ መጣ፤ ማንም ቀና አላለም። ሙሉነሽ ዳቦዬን ደግማ አስቆርሳ በላች።

ዛሬም ስፈራ እስቃለሁ። ልቤ ግን ዘግይቶም ቢሆን፣ በራሱ ጊዜ በሰለ። ትናንት ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ፣ «ልጁ ሲያለቅስ አትቆጪው። ለቅሶው እስኪያልፍ ጠብቂና የሚለውን ስሚው» አልኋት።

ሙሉነሽ ደግሞ ባለፈው ዓመት፣ «አሁን በስላለች፤ በሳል ሰው ይቅር ይላል» ብላ ሽማግሌ ላከችብኝ። አበላኋቸው፣ አጠጣኋቸው፣ እስከ ደጅ ሸኘኋቸው። አልታረቅሁም።