ጎመን ያልወደደው ውሃ

ጓሮዬ ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፈርኩት በእልህ ነው። እኛ ሰፈር፣ ሸጎሌ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ደስ ሲለው ይመጣል። እኔ ደግሞ ጡረታ ወጥቼ፣ ሚስቴን ቀብሬ፣ ልጆቼም የየራሳቸውን ቤት ይዘው፣ የቀረኝ ሥራ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የጎመንና የቆስጣ መደብ መንከባከብ ብቻ ነበር። ሲደርቅ ቆሜ አላይም ብዬ ቆፋሪዎች ጠራሁ።

ውሃው ሲወጣ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ጥርት ያለ ነው። ለምላስ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ሳሙና ሲነካው አረፋው ለጉድ ነው። ባሏ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ነጠላ አጥባበት፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

«ጓሮሽንም አጠጪበት። በየቀኑ እየመጣሽ ቅጂ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ትመጣለች። እስኪሞላ ድረስ ስለ ባሏ ወገብ ሕመም፣ ስለ ልጇ ፈተና ታወራኛለች። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ቀን ከእሷ በቀር የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። እሷ ሄዳ በሩ ሲዘጋ ቀኑ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በጋ መደቡ አመል አወጣ። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሳጠጣው ውሃው ወደ ታች አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። የጎመኑ ቅጠል ጫፉ እየነደደ ቢጫ ሆነ። የኛ ሰፈር ሰው ጎመን ሲታመምበት የሚያውቀው መድኃኒት የምድጃ አመድ ነው። እኔም ከየቤቱ አመድ እየሰበሰብኩ በተንኩበት፣ ውሃም ጨመርኩለት። ባከምኩት ቁጥር ባሰበት።

በመጨረሻ አንዲት የግብርና ባለሙያ መጥታ ከውሃውም ከአፈሩም ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ መደቡ ዳር ቆመን ነገረችኝ።

«አባባ፣ ውሃው ሶዲየም ይበዛበታል። አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም አፈሩ ይላቁጥና ይደፈናል፤ ሥሩ ይታፈናል።»

«አመዱስ?»

«እሱማ አባሰው።»

ውሃውን አቁሜ፣ ፍግና ለእርሻ የሚሆን ጄሶ ጨምሬ፣ ዝናብ እንዲያጥበው እንድተወው መከረችኝ። አንድ ክረምት ላይበቃው እንደሚችልም ነገረችኝ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጎረቤቴን በዚህ ውሃ አጠጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ቤተሰቧ ጎመን የሚበላው ከዚያች ጓሮ ነው። ብነግራት ተቀይማ ትቀርብኛለች፤ ባልነግራት መሬቷን እገድላለሁ። ሁለት ጠዋት ጀሪካኗን ሞልታ ስትወጣ ዝም ብዬ አየኋት። መቅረቷን ነው የፈራሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ጓሮዋን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ጎመኗ ወገቤ ይደርሳል። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ስዘግነው ጣቴ ውስጥ ተፈረፈረ።

«በኔ ውሃ ነው?» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«አይ ጋሼ፣ የቧንቧውን እያጠራቀምኩ ነው» አለች በርሜሎቿን እያሳየችኝ። «የእርስዎን አንድ ሰሞን ሞክሬው አፈሩ ድርቅ ሲልብኝ ተውኩት። ልብስ ነው የማጥብበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎዎት ሲሰጡኝ እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

«እንዴ፣ በየቀኑ ልብስ ታጥቢያለሽ?»

አንገቷን ደፋች። «አላጥብም። ካልመጣሁ ሰው ሳያናግርዎት ይውላሉ ብዬ ነው። አብዛኛውን ደጅ ነው የምደፋው።»

ፊቴ ጋለ። እኔ የሚታዘንልኝ ሰው ነኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጪ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ ለካ ስትመጸውተኝ የኖረችው እሷ ናት። ወደ በሩ ዞርኩ። መዝጊያውን ይዤ ግን የነገው ጠዋት ታየኝ፤ እኔ፣ የደረቀው መደብ፣ የማይንኳኳ በር። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም።

ተመለስኩ። «ውሃውን ተይውና» አልኳት፣ «እንዲሁ ነይ።»