አማቷ ባሉበት

ሐረር ተመድቤ ስመጣ የተሰጠኝ ሥራ የገጠር ሴቶችን በዕቅድ ማሳተፍ ነበር። ወረቀት ላይ ሲያነቡት ደስ ይላል። ድሬ ጠያራ ወረዳ ወርደው ሲሞክሩት ግን ሌላ ነው።

በአንዲት መንደር ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ አስቀምጠን፣ በምግብ ራሳችሁን እንድትችሉ ከሁሉ በፊት ምን ይሠራላችሁ ብለን ጠየቅን። በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ወንዶቹ ለጫት ማጠጫ የውሃ ሞተር አሉ። ሴቶቹ ግን ሰፈራቸውን መሬት ላይ በአመድ ሥለው ከሁሉ የቸገራችሁ ቦታ ላይ ጠጠር አስቀምጡ ሲባሉ፣ ጠጠሩ ሁሉ ላይኛው ሰፈር ተከመረ። የፈለጉት የመጠጥ ውሃ ቦኖ ነው። አጥብቃ የተከራከረችው አንዲት ቀጠን ያለች ሳቂታ ሴት ነበረች። ውሃው ሩቅ ስለሆነ ልጇን ውሃ እንድትቀዳ ከአምስተኛ ክፍል አስቀርታታለች፤ ቦኖው ከመጣ በመስከረም ትመልሳታለች። ሴቶቹም ተናጋሪያችን አንቺ ነሽ አሏት። እኔም በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ አይዞሽ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ቡድን ቀላቀልን። መመሪያው እንደዚያ ይላል፤ ፊት ለፊት ተነጋግረው ይስማሙ። ሴትዮዋ ተነሳች። ከፊት አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ተቀምጠዋል። በመንደሩ ደንብ ምራት አማቷ ባሉበት ድምጿን አታሰማም፤ ስማቸውን እንኳ አትጠራም። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች። የሌሎቹም አማቶች እዚያው ስለነበሩ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

ሽማግሌውን ክፉ ናቸው አልልም። ጠዋት እርጎ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ መቀመጣቸው በቃ።

ስብሰባውን የሚመራው የቀበሌው ሊቀመንበር ሴቶቹም ተስማምተዋል ብሎ ሞተሩን አጸደቀ። የጠዋቱን ልናገር እጄን ሳወጣ የቡድን መሪያችን ክንዴን ያዝ አደረገና ተይ፣ ባለሙያ በሕዝቡ ስም አይናገርም አለኝ። ይህንኑ ደንብ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩት እኔው ነኝ። አገሬ ሳለሁ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲሉ እንዴት እናደድ ነበር! እጄን አወረድኩ። ቢሮ ተመልሼ ብናገር ብናገር፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ሴቶችም ተገኝተዋል፣ ታዲያ ምን ጎደለ አሉኝ።

በጥቅምት ሐረር ኤረር በር ገበያ ሴትዮዋን አገኘኋት። ሰኞ ጠዋት ነው። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቲማቲም ትደረድራለች። ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሄደች መጠየቁ አሳፈረኝ። ስለዚያ ቀን አነሳሁና ደንባችሁ እኮ ከባድ ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት እያልኩ ቀባጠርኩ። አላስጨረሰችኝም። አልተቆጣችም፤ የምር ማወቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው።

«እኔስ አማቴ ስለነበሩ ነው። አንቺን ማን ዝም አሰኘሽ?»

ልጅቷም ቀና ብላ አየችኝ። ቲማቲም መዝኚልኝ አልኳት።