የቱቦ ቀን

በሆስፒታሉ ታች ፎቅ ስሟን ትተው «ቆጣሪዋ» የሚሏት ነርስ ነበረች። ዘወትር ረፋድ ላይ፣ ሰዓቷን ሳታዛንፍ፣ በአልጋዎቹ መካከል እየዞረች የሽንት ቱቦ የገባላቸውን ሕመምተኞች ትቆጥራለች። ሰባት ከሆኑ፣ ለአንድ ሰው አንድ ቀን እየያዘች፣ «ሰባት የቱቦ ቀን» ብላ ትጽፋለች፤ በማግስቱም እንደገና። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አደረገች። ልብስ ሰፊው ባሏ፣ «እኔ ቁልፍ ስቆጥር አንቺ ቱቦ ስትቆጥሪ ልናረጅ ነው» እያለ ይስቅባታል።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ የሁለቱን ፎቅ ነርሶች ሰበሰቡ።

«በስድስት ወር ውስጥ ታች ፎቅ ስድስት ሰው በቱቦው ሳቢያ ኢንፌክሽን ይዞታል። ላይ ፎቅ ሦስት ብቻ። ምን ነካችሁ?»

የታች ፎቅ ነርሶች አንገታቸውን ደፉ። ቆጣሪዋ ግን ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ ስድስቱ እውነት ነው። ግን ከስንት?»

«እንዴት ከስንት?»

«እኛ ጋ ቱቦ የሚገባለት ሰው ብዙ ነው። በስድስት ወሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የቱቦ ቀን ቆጥረናል፤ ላይ ፎቅ በመዝገባቸው ሦስት መቶ ነው። በሺህ የቱቦ ቀን ሲሰላ የእኛ አምስት ሰው፣ የእነሱ አሥር ይሆናል።»

ዳይሬክተሩ ስልካቸውን አውጥተው አሰሉት። ደገሙት። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጉድ ልሠራ ነበር እኮ!»

የላይ ፎቅ ኃላፊዋ ፊት ግን ጠቆረ። ቆጣሪዋ ይህን አይታ ኖሮ ከስብሰባው በኋላ ደረጃውን ወጥታ ወደ እሷ ሄደች።

«እህቴ፣ አምስትም ቢሆን አያኮራም። ነገ አብረን እንዙር።»

በማግስቱ በየአልጋው «ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል?» እያሉ ሐኪሙን ጠየቁ። መጀመሪያ ያገኟቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ቱቦው ከገባላቸው ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ሐኪሙ መዝገቡን አገላብጦ፣ «ትናንትናም መውጣት ነበረበት» አለ። ወጣላቸው። ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው በእግራቸው መጸዳጃ ቤት ደርሰው ተመለሱና፣ «መንገዱ ክፍት ነው፤ መኪናዋም ደህና ናት» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት።

ጥያቄው የየዕለት ልማድ ሆነ። ስድስት ወር ሲሞላ የታች ፎቁ አምስት ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። የላይ ፎቅ ኃላፊዋ ደግሞ ወረቀቷን ይዛ ደረጃውን እየሮጠች መጣች።

«ሁለት መቶ የቱቦ ቀን፤ አንድም ሰው አልታመመብንም።»

ቆጣሪዋ አላመነችም። ተቀምጣ ቀን በቀን ደመረችው፤ ልክ ነበር። ያኔ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሳቁ።