የስድስቱ ሞግዚት

የሥራ ክፍሉ መስኮት የለውም። ነበረው፤ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያረፈ ሲያስቸግር በጥቁር ካርቶን ደፈኑት። ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ የሷ ነው። ባልደረቦቿ ሞግዚት ይሏታል፤ በስሟ የሚጠራት የለም፣ እሷም ለምዳዋለች።

የምታሳድገው ልጅ ግን የላትም። የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠሩለት ማሽን አፈጣጠሩ ለየት ያለ ነው፤ አንድ ትልቅ አንጎል አለው፣ ከሥሩም ስድስት ትንንሽ። ትንንሾቹ ሲፈጥኑ አይጣል ነው፤ ነገር ግን ከዋናው የመረጃ ጎተራ ራሳቸው ማንሳት አይችሉም፣ የየግላቸው ማስቀመጫም እፍኝ ታህላለች። ሥራውን ቆራርሶ የሚያጎርሳቸው፣ ያንን ሲያላምጡ የሚቀጥለውን ይዞ የሚጠብቅ ያስፈልጋቸዋል። አለዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ትልቁ ብቻውን ሲንገታገት ምስሉ ይንተባተባል። ይህን አመጋገብ ከሷ በቀር የሚችልበት አልተገኘም።

እሷ ደግሞ መሄድ ትፈልጋለች። ታላቅ እህቷ ሌላ ከተማ ልብስ ስፌት ከፍታ፣ ከጓሮ አንድ ክፍል አጽድታ ትጠብቃታለች። አለቃዋ፣ “የሚተካሽ ሰው አስተምሪና በሰላም ሂጂ” ብሏታል።

ተተኪ የተባለው “ቀስ በቀስ” የሚሉት ጎልማሳ ነው። ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ።

“የኔ እህት፣ ይሄ ኮድ ነው ወይስ ድግምት?”

“እንዲነበብ ሳይሆን እንዲሮጥ ነው የጻፍኩት።”

“እንግዲያው እኔም ልሩጥ፤ ወደ በሩ።”

ሳቀች። ከዚያ ለሱ ስትል አቅልላ ጻፈችው፤ የትንንሾቹን ሥራ አብዛኛውን ለትልቁ መለሰች። አሁን ገባው።

ጠዋት አለቃው መጥቶ ስክሪኑ ፊት ቆመ። በጨዋታው ውስጥ ሕዝብ ከሚነድ ድልድይ ይሸሻል። “ደህና ነው” አለ። “ሻንጣሽን አዘጋጂ።”

ማንም አላየም እንጂ፣ ሕዝቡ ድልድዩ መሃል ሲደርስ እግሩ ያዝ ይላል። ዓይን ቢርገበገብ የሚያመልጥ ነገር ነው። እሷን ግን አላመለጣትም። ለእህቷ “መጣሁ” ብላ ደወለች። ስድስቱ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው፣ ያውም በገዛ እጇ፣ አንጀቷን በላው።

ተመልሳ የድሮውን ኮድ አስገባች። ሕዝቡ ድልድዩን እንደ ውሃ አለፈው።

“ምን ነካሽ?” አለ “ቀስ በቀስ” ከኋላዋ።

“ምስሉ ያዝ ይል ነበር።”

“ማን አየው?”

“እኔ።”

“አንቺማ ሄደሻል እኮ!” ጎንበስ ብሎ ኮዱን አየ። “ይሄንን አልረከብም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች አሉ።” ክፋት አልነበረበትም። ወንበሩን አንሥቶ ወደ ቦታው ሄደ።

ቀላሉ ኮድ አልጠፋም፤ ልትመልሰው ትችላለች። እጇን ሰደደች። ሕዝቡን አንዴ ደግማ አየችው፣ እጇንም ሰበሰበች። ስልኳን አነሣች።

“ክፍሉን አከራዪው፣ እህት ዓለም።”

ከእህቷ ጀርባ የስፌት መኪናው ይሰማል። “ያ አለቃሽ ነው አይደል የከለከለሽ?”

“አዎ” አለች፣ “እሱ ነው።”